የእኔ ወተት ሻጮች

ግንቦት 4፣ 2017

ቢሮ አዲስ ልጅ መጣች። ኢልሃን ትባላለች። አስተባባሪያችን ሳላሀዲን ጠዋት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እንደ ሙሽራ ሲያዞራት ቆየና እኔ ጋ ሲደርስ፣ «ሀዊ፣ ከአንቺ ጋር ነው የምትሠራው። የወተት ሴቶቹን አሳያት። ሶማሊኛ አፏን የፈታችበት ነው፣ ይጠቅምሻል» አለኝ።

ይጠቅምሻል! አራት ዓመት ሙሉ ታዲያ በምን ኖሯል የማዋራቸው? በጥቅሻ?

እሺ፣ ሶማሊኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። አማርኛና ኦሮምኛ ግን አለኝ፤ ለቀረው ደግሞ ኻድራ አለች። ኻድራ የሴቶቹ ሊቀ መንበር ናት። እኔ የምለውን ለእነሱ፣ እነሱ የሚሉትን ለእኔ ታደርሳለች። እስከ ዛሬ በዚህ ሠርተናል፣ የተደናገረ ሰው የለም።

ልጅቷን ሥራውን አስረዳኋት። ማኅበራዊ ሠራተኛ ስንዴ አዳይ አይደለም አልኳት። የሰው ቤት ገብተሽ ችግሩን ታያለሽ፣ ሰውን ከሰው ታደራጃለሽ፣ ቁጠባ ታስጀምሪያለሽ፣ መሸጫ ቦታ ታፈላልጊያለሽ፤ በራሱ ገቢ ሲቆም አንቺ ዘወር ትያለሽ። ከተማ የሚያድገው በፋብሪካ ብቻ አይደለም፣ ቀፊራ ገበያ ጥግ ጄሪካን ይዛ በተቀመጠች ሴትም ነው አልኳት። አገጯን በእጇ ደግፋ ሰማችኝ። ጥርሷ ያምራል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

ግንቦት 7

ሙቀቱ አናት ይበሳል። የቢሮው ማራገቢያ ከተበላሸ ሰነበተ። ኢልሃን ከቤቷ ትንሽ ማራገቢያ አምጥታ መሀል ላይ አስቀመጠችው። ሁሉም አመሰገናት። እኔም አመሰገንኳት፣ ምን ላድርግ።

ግንቦት 12

ዛሬ ቀፊራ ወሰድኳት። ሴቶቹ እንደ ወትሯቸው የግመል ወተታቸውን ደርድረው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ላስተዋውቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ ጎንበስ ብላ «ኤዶ ኻድራ» ብላ ሳመቻት። አክስቴ ማለቷ ነው። መቼ ተዋወቁና ነው አክስት የሆነችው?

ከዚያ ሶማሊኛው ወረደ፣ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ እንደሚወርደው። ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ምን አለቻችሁ?» ብዬ ኻድራን ጠየቅኳት። «ምንም፣ ጨዋታ ነው» አለችኝ። ያ ሁሉ ሳቅ ምንም ነው? ስለ እኔ ይሆን? የለበስኩትን ቀሚስ አየሁት፣ ምንም የለበትም።

ዩሩብ የምትባል አንዲት ሴት አለች። ከሁሉም ዝምተኛዋ እሷ ናት፤ እኔማ ንግግር የሚቸግራት ይመስለኝ ነበር። እጇን እያወናጨፈች ስታወራ ዋለች።

ሲሸኙን ወተት ቀዱልን። ለሁለታችንም እኩል ኩባያ ነው። የእሷ ግን አረፋው ይበልጥ ነበር።

ግንቦት 15

ዓብዩ፣ «ታዲያ ደስ አይልሽም? ረዳት አገኘሽ» አለኝ እራት ላይ። ባሌ ኢንዱስትሪ ፓርክ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ነገር ሁሉ ሽቦ አገናኝተህ መብራት ማብራት ይመስለዋል።

«ረዳት ለጠየቀ ሰው ነው» አልኩት።

«ሀዊ፣ ቀናሽ እንዴ?»

«እኔ? በዚያች ጫጩት? አቦ ተወኝ!»

ከዚያ በኋላ አላነጋገርኩትም። ስላልቀናሁ ነው።

ግንቦት 21

ሳላሀዲን ሁለታችንንም ጠራን። ወደ መልካ ጀብዱ መውጫ ላይ የተሠሩት ሼዶች ሊከፋፈሉ ነው። የእኔ ወተት ሻጮች ከዕጩዎቹ ውስጥ ገብተዋል! ሁለት ዓመት የለመንኩለት፣ የጮህኩለት ሼድ። ውሃ አለው፣ መብራት አለው፣ ትልቅ ማቀዝቀዣ ይገባለታል። ኮሚቴ መጥቶ ማኅበሩ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ያይና ይወስናል።

ኢልሃን ወጣ ስትል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ከተሳካ የቡድን መሪነቱ ያንቺ ነው» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የሰው በር ሳንኳኳ ኖሬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ኮሪደሩ ላይ ኢልሃን ያዘችኝ። «አባዮ፣ ሴቶቹ ግን እዚያ መሄድ ይፈልጋሉ? ጠይቀሻቸዋል?»

አባዮ እህቴ ማለት ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ይባላል? ኻድራን ጠይቄያት «ሀዬ» ብላኛለች። ሀዬ እሺ መሆኑን እንኳ አውቃለሁ።

ግንቦት 29

አረፋ። እንደየዓመቱ ኻድራ ቤት ሄድኩ፤ በፋሲካ እነሱ እኔ ቤት ይመጣሉ። ዘይትና ስኳር ይዤ ነው የሄድኩት። ኻድራ እንዳየችኝ ተነሥታ ተቀበለችኝ፣ ልጇን ጠርታ ያቺን ሰማያዊ ወንበር አስመጣች፣ በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ሩዝና ሥጋ በትሪ ለብቻዬ ቀረበልኝ። ሁሌም እንዲህ ነው የምታከብረኝ።

ወዲያው ከጓዳ ሳቅ ሰማሁ። መጋረጃው ገለጥ ሲል ኢልሃን ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች፤ እግሯን የዩሩብ ጭን ላይ ጥላ ከሴቶቹ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች። ጫማ የለ፣ ሻሽ የለ። ኻድራ እኔን አስቀምጣ ወደ እነሱ ገባች። ስትቀመጥ ወገቧ ስላመማት ኢልሃን ትራስ ወረወረችላት፣ ኻድራም በትራሱ መልሳ መታቻት።

እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። ከሳሎኑ የኻድራ አባት ፎቶግራፍ ጋር ተፋጠናል። ወንበር ለክብር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ነውም። ግን ማን ክብር ጠየቀ?

በጊዜ ወጣሁ። ራሴን አሞኛል አልኳቸው።

ሰኔ 3

ዛሬ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል።

ኢልሃን፣ «አባዮ፣ ስለ ተራው ለኮሚቴው ነግረሻል?» አለችኝ።

«የምን ተራ?»

አየችኝ። ማላገጤ መስሏት ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ ቀስ ማለቷ ነው የበለጠ ያናደደኝ። አሥራ አራቱ ሴቶች በአንድ ቀን ቀፊራ ተቀምጠው አያውቁም። የተወሰኑት የሁሉንም ወተት ይሸጣሉ። ሁለቱ ገጠር ቃሊ ዘንድ ያድራሉ። ቃሊ ማለት ከየቤቱ ወተቱን በቃሏ የምታሰባስብላቸው ሴት ናት፤ ግመል ያላቸው ቤተሰቦች የሚያምኑት እሷን ነው። ሁለቱ ጎህ ሲቀድ ከእሷ ተረክበው፣ ቀምሰው፣ በጭስ ያጠኑትን ጄሪካን ሞልተው በመኪና ይልካሉ። የቀሩት ልጃቸውን ይዘው ቤታቸው ይውላሉ። በማግስቱ ይቀያየራሉ። የወለደች ካለች፣ የታመመች ካለች፣ ሌላዋ ትሸጥላታለች።

እኔ ደግሞ በሄድኩ ቁጥር የሚቀመጡት ሴቶች ሲለዋወጡ ሰነፎች እየመሰሉኝ ስቆጣ ኖሬያለሁ። «የቀሩት የት አሉ?» ስል ኻድራ «ሀዬ፣ ነገ ይመጣሉ» ትለኝ ነበር። ይመጡም ነበር። ያኔ ደግሞ የዛሬዎቹ ይቀራሉ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ዩሩብ። ለኮሚቴው ብናስረዳቸው እኮ ይገባቸዋል። እንዲያውም ጎበዞች ናቸው ይሏቸዋል።»

«አስብበታለሁ» አልኳት።

ምን ብዬ ነው የማስረዳው? አራት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ያላየሁትን ይቺ ልጅ በአንድ ወር አየችው ብዬ? ሳላሀዲን ምን ይላል? ኻድራስ ለምን አልነገረችኝም? ጠይቄያት ባላውቅ እንኳ ሰው ለሰው አይነግርም?

ሰኔ 6

ኮሚቴው ማክሰኞ ይመጣል። ቀፊራ ሄጄ ለኻድራ ነገርኳት። «ሁላችሁም ትመጣላችሁ። አሥራ አራታችሁም። አንድ ሰው ቢጎድል ሼዱ ለሌላ ይሄዳል።»

ኻድራ ስለ ቃሊ አንድ ነገር አለችኝ መሰለኝ። ባጃጅ እያለፈ ነበር፣ በደንብ አልሰማሁም። «ሁላችሁም» አልኳት ደግሜ። አየችኝና «ሀዬ» አለች።

ኢልሃንን ማክሰኞ ገንደ ቆሬ መድቤያታለሁ፣ የቤት ለቤት ጉብኝት ስላለ። ሰው ያስፈልግ ነበር።

ሰኔ 10

አለፍን! አሥራ አራቱም ተሰልፈው፣ ያማረ ዲሪያቸውን ለብሰው! የዕለቱ ወተት ገና አልደረሰም ነበር፤ የጠየቀም የለም። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ «እንዲህ ዓይነት ዲሲፕሊን አይተን አናውቅም» አለ። ሳላሀዲን እጄን ጨብጦ አለቀቀም። እኔ አስተዋወቅኩ፣ እኔ አስረዳሁ፣ እኔ ተመሰገንኩ። ሶማሊኛ ያስፈለገው ሰው አልነበረም።

ሰኔ 11

ወተት የለም።

ቀፊራ ባዶ ጄሪካን ብቻ። ኻድራ የለችም። ዩሩብ አየችኝና ፊቷን አዞረች። መኪናው ይሆናል የተበላሸው።

ሰኔ 13

መኪናው አይደለም።

ኢልሃን ናት የነገረችኝ፣ የቢሮውን በር ዘግታ፣ ሳትጮህ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ ወተታቸውን ይዘው ቃሊ ደጅ መጡ። የሚረከብ የለም፤ ሁለቱ ተረካቢዎች ሰኞ ማታ ወደ ድሬ ገብተዋል። ቃሊ ስልክ ስትደውል የሁሉም ተዘግቷል፣ ኮሚቴው ፊት እንዳይጮህ ከማታው ዝጉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። መኪናው ትንሽ ጠብቆ ሄደ። ፀሐይ ወጣች። በዚህ ሙቀት ወተት ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ግማሹ ተበላሸ። ግማሹን ሙመድ የሚባል አይሱዙ ያለው ነጋዴ እዚያው ቆሞ ወሰደው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕለት ዕለት እሱ ይወስዳል።

«ወተቱ ባልከፋ» አለች ኢልሃን። «ቃሊ በሰው ፊት አፈረች። ቃሌን አዋረዱት ብላለች። ሁለቱን እዚያው ብትተዪአቸው ኖሮ እኮ…»

«አንቺ የት ነበርሽ ታዲያ?» አልኳት።

«ገንደ ቆሬ» አለችኝ።

ሰኔ 16

የሼዱ ቁልፍ ተሰጠ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን። ኻድራ ቁልፉን በሁለት እጇ ተቀበለች። ውስጡ ቀለም ቀለም ይላል። ማቀዝቀዣው በርቷል፣ ባዶውን ያጉረመርማል።

ሳላሀዲን፣ «ወተቱስ?» አለኝ።

«ይመጣል።»

ሲመለሱ ሴቶቹ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተጠጋግተው ገቡ። ዩሩብ የምታጠባው ልጅ አላት። ወተት ካልሸጠች ምን እንደምታበላው አላውቅም። አውቃለሁ፣ ቤቷን መዝግቤዋለሁ።

ሰኔ 18

ኻድራ ቢሮ መጣች። ቢሮ መጥታ አታውቅም። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

«ቃሊ ዘንድ ሰው ላክን። እንዲህ አለች፦ ከሥራቸው ያስነሣቻቸው ሴት ራሷ ትምጣ። በእግሯ መጥታ በአፏ ትንገረኝ። ያኔ አስብበታለሁ።»

የእነሱ ሥርዓት ነው። ያጠፋ ሰው ሰው አይልክም፣ ራሱ ሄዶ ፊት ለፊት ይቆማል።

ኻድራ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። ማን እንዳስነሣቻቸው ታውቃለች፣ ከእሷ ሌላ የነገርኩት ሰው የለም።

«የሪፖርት ሳምንት ነው» አልኳት። «የሚቀጥለው ሳምንት እናያለን።»

«ሀዬ» አለችኝ።

ይቺ ሀዬ አንጀቴን በላችው። እንደዛሬ ግልጽ ሆና ሰምቻት አላውቅም።

ሰኔ 23

ጠዋት ቀፊራን አቋርጬ ስሄድ ወተት አየሁ። ጄሪካኑ ሙሉ፣ ገዢው ተሰልፎ፣ ዩሩብ እየቀዳች። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ወዲያው ደግሞ ማን ሄዶ ነው? አልኩ።

ማን ይሆናል! ኢልሃን በዕረፍቷ ቀን ከኻድራ ጋር ሄዳለች። ቃሊ ፊት ቆማ፣ «እኔ ነኝ ያስነሣኋቸው፣ ለሥራው አዲስ ነኝ፣ ሳላውቅ አጠፋሁ» ብላለች። ቃሊ ፀሐይ ላይ አቁማት እስክትጨርስ ሰማቻት አሉ።

ቢሮ ስገባ ያዝኳት። «ማን ላከሽ? ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ?»

አንገቷን ደፋች፣ ከዚያ ቀና አለች። «አንቺ አልሄድሽም አባዮ። ወተቱ ግን መምጣት ነበረበት።»

ሴቶቼን ወሰደች። እሺ። ሳቃቸውን ወሰደች። እሺ። አሁን ጥፋቴን እንኳ ወሰደችብኝ! ስህተት ሠርታ የምትወደድ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ያውም በሰው ስህተት። እኔ ባጠፋ የሚጠላኝ አላጣም፣ እሷ ያላጠፋችውን አጠፋሁ ስትል ይስሟታል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሳላሀዲን ሐሳብ አቀረበች፦ ሽያጩ ቀፊራ ይቀጥል፣ ሼዱ ሳይሸጥ ያደረው ወተት ማቀዝቀዣ ይሁን። ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥሩ መሆኑ ነው የሚያቃጥለው።

ሰኔ 26

ሳላሀዲን በር ዝጊ አለኝ። ወሬው ደርሶታል፤ አዲሷ ልጅ ሴቶቹን ከሥራ አስነሥታ ወተት አስበላሸች የሚል። ራሷንም ጠይቋት «አዎ» ብላዋለች።

«የሙከራ ጊዜዋ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ያበቃል። አላጸድቅላትም» አለኝ። «ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ግን የሰው እንጀራ ላይ የሚቀልድ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንቺ ምን ትያለሽ?»

የኢልሃን ማራገቢያ እየዞረች ነበር።

«አንተ ታውቃለህ» አልኩት።

ሰኔ 28

ዓብዩ የሌሊት ፈረቃ ነው። ቤቱ ይሞቃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ውጭ ነው የተኛው።

ለሁለት ቀን ለራሴ ስሟገት ነበር። ውሸቱን እኔ አልዋሸሁም። እሷ ናት የዋሸችው። እኔ አልላክኋት፣ አልለመንኳት። ደግሞ ወጣት ናት፣ ቋንቋ አላት፣ ድርጅት ሁሉ ይሻማባታል። እኔ ከዚህ ወጥቼ የት እሄዳለሁ? እውነት ነው ሁሉም።

ግን ባጃጅ አላለፈም። ያን ቀን፣ ሰኔ 6። ባጃጅ አልነበረም። ኻድራ፣ «ቃሊ ዘንድ ያሉት ሁለቱ ይቅሩ፣ አለበለዚያ ወተቱ ይቀራል» ስትል ጥርት አድርጌ ሰምቻታለሁ። ኢልሃንም ቀድማ ነግራኛለች። አውቄ ነው «ሁላችሁም» ያልኩት። ይቺ ልጅ ያለችው ሁሉ ልክ እንዳይሆን ነበር የፈለግኩት፣ አንድ ቀን፣ ለአንዲት ቀን ብቻ። ወተቱ ለአንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናል ብዬ ነበር።

ዘወር ትያለሽ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰው ሲቆም አንቺ ዘወር ትያለሽ። አሥራ አራቱም ቆመው ነበር እኮ፣ በራሳቸው ሥርዓት፣ እኔ ሳላየው። ዘወር ማለት አቅቶኝ ገፍቼ ጣልኳቸው።

ውሃ ጠጥቼ ልተኛ።

ሐምሌ 1

ነገርኩት። ለሳላሀዲን። ቆሜ ነው የነገርኩት፣ ሁሉንም፣ ኻድራ ያለችኝንም ኢልሃን ያለችኝንም።

«ለምን?» አለኝ።

«ቀንቼ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ትንሽ ነው፤ እንዲህ ትንሽ መሆኑ ገረመኝ።

የቡድን መሪነቱ ቀርቷል። ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል። ወተት ሻጮቹ ከዛሬ ጀምሮ የኢልሃን ናቸው፣ እኔ ወደ ሌላ ቀጠና። ኢልሃን ትጸድቃለች።

ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር መሰለኝ። ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ፣ ፊቷ ተቀያይሯል። «ቃሊ ብትሰማስ? ዋሸችኝ ብላ ወተቱን ብታቆምስ? ለራስሽ ቀለለሽ፣ እነሱስ?»

ይሄን አላሰብኩትም። ወላሂ አላሰብኩትም።

«ከሰው ሳትሰማ ራሴ እነግራታለሁ» አልኳት።

«አብሬሽ ልምጣ?»

«አይ!» አልኩ፣ እንደ ጩኸት አድርጎኝ። አብራኝ ከመጣች ማን ያየኛል?

ሐምሌ 5

ሄድኩ። ከኻድራ ጋር፣ በወተቱ መኪና፣ ከባዶ ጄሪካኖቹ መሀል።

ኢልሃንን ላለመጠየቅ ብዬ ትናንት ሰፈራችን ሱቅ ያለው ባርኸድ ዘንድ ሄጄ «አጥፍቻለሁ» በሶማሊኛ ምን ይባላል አልኩት። «ዋን ኸልደመይ» አለኝ፤ ባልሽን ነው ያስቀየምሽው መሰለኝ፣ ቀስ ብለሽ በዪው ብሎ ሳቀብኝ። ሌሊቱን ስለው አደርኩ።

ቃሊ ቀጭን ሴት ናት፣ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። የግራር ጥላ ሥር ጄሪካን በጭስ እያጠነች ነበር። ፊቷ ቆምኩ። «ዋን ኸልደመይ» አልኳት።

ኻድራን አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ ከእኔ ባልተናነሰ አማርኛ፣ «ድሬ ነው ያደግኩት። በምትችይው ተናገሪ፣ እኔም እንዲገባኝ» አለችኝ።

በአማርኛ ነገርኳት። አስነሣኋቸው፣ አውቄ ነው፣ ልጅቷ የለችበትም። የቡድን መሪነቱን አልነገርኳትም፤ ምን ያደርግላታል? ወተቱን እንዳታቆም ለመንኳት፣ ሴቶቹ እንዳይቀጡ።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ወተቱ በተበላሸ ማግስት ኻድራ ነግራኛለች። ልጅቷ መጥታ እኔ ነኝ ስትለኝ ውሸቷን እያወቅኩ ነው የሰማኋት። ወተቱን የመለስኩት ለእሷ ብዬ ነው። የሰው ጥፋት ተሸክሞ ፀሐይ ላይ የቆመን ሰው ባዶ እጁን እንዴት ትሸኚዋለሽ?»

ያቺ ምላሴ። «እኔስ?» አልኳት። እንደ ሕፃን! ሰላሳ ስድስት ዓመት ኖሬ!

«አንቺማ የራስሽን ነው የተሸከምሽው» አለችኝ። «ለእሱ ምን ይሰጣል? ነይ፣ ጄሪካን ያዢ።»

ጄሪካን ያዝኩ። ሰዎቹ ወተታቸውን ይዘው እየመጡ ነበር፤ ተረካቢዎቹ ይቀምሳሉ፣ እኔ እሸከማለሁ። ማንም ተቀመጪ አላለኝም። ማንም አላመሰገነኝም። አንዷ ሴት በአግባቡ አልያዝሽውም ብላ ጮኸችብኝና እጄን አስተካከለችልኝ። ቀሚሴ ረጠበ፣ ወገቤ ተቆረጠ። መኪናው ሲሞላ ከኻድራ ጋር ከኋላ ተጣብበን ገባን።

መንገዱ ያንገላታል። ኻድራ ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሣችው፤ ብዙም ሳንርቅ እንቅልፍ ጣላት፣ ጭንቅላቷ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ከባድ ነው። ክንዴ ደነዘዘ፣ ግን እንዳትነቃ ብዬ አልተነቃነቅኩም፣ እስከ ድሬ።

ኢልሃን ትከሻ ላይስ እንዲህ ተኝታ ታውቅ ይሆን? ስትነቃ ልጠይቃት አስቤ ነበር። ተውኩት።